ጫማዋን ያወለቀችበት አዳራሽ

እትዬ ዘነበች ማረፏን የነገረኝ ልጇ መስፍን ነው። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም አላስቀደመም። «መምህርት፣ እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። እግዜር ያጽናህ ማለት ሲገባኝ «ጫማዋስ?» አልኩት። አፌ ቀደመኝ። መስፍን ግን አልገረመውም።

«የላስቲክ ኮንጎው አልጋዋ ሥር አለ። የጥንቱን የቆዳ ጫማ ግን የት እንዳደረገችው ማንም አያውቅም» አለኝ።

እትዬ ዘነበችን የተዋወቅኋት በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩ ሰሞን ነው። የተከራየኋት ክፍል ከእሷ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። ባሏ በልጅነቷ የሞተባት፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ባለ ሆቴል አንሶላ ስታጥብ የኖረች፣ ፊደልን በመሠረተ ትምህርት የቆጠረች ሴት ነበረች። አብዮቱ ሲመጣ ከገንዳው ላይ ቀና አለች፣ ቀና እንዳለችም ቀረች። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነች። እኔን ደግሞ የእጅ ጽሕፈቴ ደስ ስላላት ብቻ፣ ሳትጠይቀኝ ጸሐፊ አደረገችኝ።

ሰላምታዋ «ወገብሽን ቀጥ አድርጊ» ነበር። ጉልት ለተቀመጠችም፣ ውሃ ለተሸከመችም፣ ደብተር ለታቀፍኩት ለእኔም እንደዚያው ነው። አንቱታ አትወድም። መጀመሪያ ቀን «እንደምን አደሩ» ብላት «ጓድ አንቱ አይባልም፤ አንቱ እያልን ነው ጎብጠን የቀረነው» ብላ ገሠጸችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንቺ እንዳልኳት አለሁ።

ክፉ ነበረች የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ሰፈራችን ውስጥ ሚስቱን ሲደበድብ የሚያመሽ አንድ ጋሪ ነጂ ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ዘመድ ገባ፣ ሊተው አልቻለም። እትዬ ዘነበች ጠርታ አልመከረችውም፤ ፈረሱን አስፈታችና ሰው ሁሉ እያየ የሚስቱን ውሃ ከቦኖ በራሱ ጀርባ እንዲያመላልስ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ የዚያች ሴት ጩኸት አልተሰማም። ቦኖውንም ቢሆን ያስገባችው እሷ ናት፤ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ስትመላለስ ከርማ።

መለያዋ ጫማዋ ነበር። ተረከዙ ላይ ብረት የተመታበት፣ በክር የሚታሰር ጥቁር የቆዳ ጫማ። የናዝሬት አቧራ ሁሉን ሰው አመድ ሲያስመስል ያ ጫማ ግን ያብረቀርቃል። በድንጋዩ መንገድ ስትመጣ ከሩቅ ቋ፣ ቋ ይላል። መጀመሪያ አካባቢ ያ ድምፅ ሲሰማ ሴቶች ከቤት ብቅ ብለው አቤቱታቸውን ያሰሙ ነበር። ኋላ ላይ ግን በር የሚያዘጋ ድምፅ ሆነ።

ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ከየቀበሌው ወጣት ሲመለመል የእኛን ቀበሌ የሚያክል አልነበረም፤ እትዬ ዘነበች የያዘችውን ነገር እስከ ጫፍ ሳታደርስ አትለቅማ። እናቶች ልጆቻቸውን ወንጂ አገዳው ውስጥ፣ አርሲ ዘመድ ዘንድ፣ አልጋ ሥር ይደብቁ ጀመር። የጫማዋ ድምፅ ሲቃረብ ሕፃን እንኳ ትንፋሹን ይውጣል። እሷም በር ላይ ቆማ «አገር ስትጠራ አልጋ ሥር አይገባም» ትላለች። የብርቱካን ቸርቻሪዋን የአዴ ጫልቱን ልጅ፣ ቶሎሳን፣ ከጓሮ ከጥጆች በረት እጁን ይዛ አወጣችው። አዴ ጫልቱ አልጮኹም። የልጃቸውን ሹራብ ከገመድ ላይ አውርደው አስይዘው ሸኙት።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ከኋላ አንዲት ሴት «የአመራሮቹ ልጆችስ?» አለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። እትዬ ዘነበች ተነሣች፤ ወገቧ ቀጥ እንዳለ ነው። «የኔ መስፍን ነገ ጠዋት ይሄዳል» አለች። መስፍን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ሌላ ልጅ የላትም። በማግስቱ የጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ እጇን እንኳ አላውለበለበችም። ማታ በግድግዳው በኩል ጆሮዬን ብጥልም የሰማሁት ነገር የለም።

የመስፍን መኝታ ግድግዳ ላይ የነጣ አራት ማዕዘን ነበር። ዱሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የተሰቀለበት ቦታ ነው። የጊዮርጊስ ዝክር ሲዘከር አብራ የምታበስል ሴት ነበረች አሉ። አብዮቱ ሲፋፋም ጎረቤት ሰብስባ ሥዕሉን ከነመስታወቱ አወረደችው፤ በምትኩ የባለጢሞቹን ፎቶ ሰቀለች። ፎቶው ግን አነሰ፤ የዱሮው ምልክት ዙሪያውን ይታያል።

ልጆቹ በሄዱ በዓመቱ ገደማ ማኅበራችን «አርአያ» ተብሎ ተሸለመ። ስለምን እንደተሸለመ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረውም። ሽልማቱ አዲስ አበባን መጎብኘት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍሪካ አዳራሽን። አውቶቡሱ ላይ እንዲወጡ የተመረጡት የዘማች እናቶች ሆኑ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ተጨመርኩ። ከክፍለ ሀገሩ ደግሞ ጓድ ፈለቀ የሚባል፣ ካኪ ለባሽ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ካድሬ እንዲመራን ተላከ።

ያን ሰሞን ሰሜን አንድ ቦታ ተያዘ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። በሬዲዮ አልተነገረም፤ ጋሪ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቦኖ ጋ ግን ሌላ ወሬ የለም። የመስፍን ክፍለ ጦር እዚያ ነው ይባላል፤ የቶሎሳም። ከሁለቱም ደብዳቤ ከቀረ ቆይቷል። እትዬ ዘነበች ስለዚህ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሰማያዊ ዩኒፎርማችንን አስተኮሰች፣ በአውቶቡሱ ውስጥ እየዞረች ቀበቷችንን አስተካከለች። «ናዝሬትን እንዳታሰድቡ» አለች።

አዳራሹን ከሩቅ ሳየው ደነገጥኩ። በመጽሐፍ አይቼዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬበታለሁ። ግን እንዲህ ሰፊ፣ እንዲህ ንጹሕ፣ እንዲህ በብርሃን የተሞላ አልመሰለኝም ነበር። ቀጫጭን ዓምዶች፣ ከላይ እስከ ታች መስኮት፣ እንደ ጥልፍ የተሠራ ግድግዳ። ስንገባ ወለሉ ላይ የራሴን ጥላ አየሁ። ዘወር ብዬ የእኛን ሴቶች ሳይ ግን አፈርኩ፤ አልዋሽም። ከዩኒፎርሙ በታች የጎማ ጫማ፣ የላስቲክ ጫማ፣ በየብብቱ የተሸጎጠ የስንቅ ፌስታል። ከእኛ ቀድመው የገቡ ፈረንጆች ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ፈገግ እያሉ ያዩናል። ከሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

አስጎብኚው ከረቫት ያሰረ፣ ድምፁ ለስላሳ ወጣት ነው። «አሁን የምናየው» አለ፣ «የዓለም ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመጣውን የመስታወት ሥዕል ነው።» መታጠፊያውን ስንዞር ግድግዳው በሙሉ መስታወት ሆነ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ፀሐይ ከጀርባው መትታበት ቀለሙ ወለሉ ላይ፣ ዩኒፎርማችን ላይ፣ ፊታችን ላይ ፈሰሰ። በአንድ በኩል ሰንሰለት፣ የተጎሳቆሉ ሰዎች፣ ዘንዶም አለ። በሌላው በኩል ችቦ የያዙ ሰዎችና የብረት ጥሩር የለበሰ ጎልማሳ። አስጎብኚው ያለፈው የአፍሪካ ዘመን፣ የትግሉ ዘመን፣ የወደፊቱ ዘመን እያለ ያስረዳል። ጓድ ፈለቀ ራሱን ይነቀንቃል።

የጫማዋ ድምፅ ቆመ። ይህን ነው መጀመሪያ ያስተዋልኩት፤ ስንገባ ጀምሮ በዚያ ወለል ላይ ቋ፣ ቋ ሲል ነበርና። ዞር ስል እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብላ ክሩን ትፈታለች። አንዱን አወለቀች፣ ሌላውንም አወለቀች። ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠቻቸውና በባዶ እግሯ፣ ቀዩ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ መስታወቱ ሄደች። አማተበች። ግንባሯን ከመስታወቱ በታች ካለው ግድግዳ ላይ ደገፈችና ሳመችው።

«ጊዮርጊስ» አለች። ያ ስብሰባ የሚያናውጥ ድምፅ አልነበረም፤ እኔ የማላውቀው የልጅ ድምፅ ነው። «ከቤቴ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። እኔን ቅጣኝ። መስፍኔን ግን መልስልኝ። ሌላ ምንም አልልህም። የኔን ብቻ፣ የኔን ብቻ መልስልኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስጎብኚው ንግግሩን አቋረጠ። ፈረንጆቹ ካሜራቸውን አነሡ። ያቺ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ሰው ሁሉ ቀጥ እንዲል ታዝ የነበረች ሴት ግድግዳ ሥር ታጥፋ ስትንሰቀሰቅ ማየት ቀርቶ እዚያ መገኘቱ ራሱ ያሳፍራል። ጓድ ፈለቀ ፊቱ ተለዋወጠ። አርአያ የተባለች ሊቀመንበር በሰው ፊት ስትጸልይ ምን እንደሚጻፍባት ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበርነቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው።

«ጓድ ዘነበች፣ ምንድነው ይሄ?» አለ።

እሷ አልሰማችውም። ሁለተኛ ከመጠየቁ በፊት አዴ ጫልቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያቺን የተቀዳደደች የላስቲክ ጫማቸውን መጎተት ጀመሩ። ከእሳቸው አጠገብ የነበረችው ሴት አየቻቸውና ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ። አዳራሹ ውስጥ ጫማ የሚወልቅ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እኔም አወለቅኩ፤ ካልሲዬ ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ጓድ ፈለቀ፣ አሁን ግራ ገብቶት።

«ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ጓድ» አሉ አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው ተነሥተው። «የአፍሪካ ሕዝብ ንብረት ነው አልከን አውቶቡስ ላይ። የናዝሬት አቧራ ይዘን እንዴት እንረግጠዋለን? ዘነበች ናት ያዘዘችን። እሷ ሁሉን ነገር አስቀድማ ታስባለች።»

ጓድ ፈለቀ ሴቶቹን አየ። ባዶ እግሮቻቸውን አየ። ከዚያ የራሱን ጫማ አየ፤ አቧራ ለብሷል። ካሜራዎቹም ወደ እሱ ዞረዋል። ትንሽ ካመነታ በኋላ አንድ እጁን ዓምዱ ላይ ደግፎ ጫማውን አወለቀ። አውራ ጣቱ ከካልሲው ወጥቶ ነበር። አንዲት ሴት ሳል አስመስላ ሳቋን ዋጠች። አስጎብኚው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ከበፊቱ ይልቅ ዝግ ብሎ፣ ስለ ወደፊቱ ዘመን መናገሩን ቀጠለ። በዚህ መካከል ሁለት ሴቶች እትዬ ዘነበችን በብብቷ ይዘው አነሷት።

ስንመለስ እትዬ ዘነበች አውቶቡሱ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጫማዎቿን አላደረገቻቸውም፤ ጭኗ ላይ ይዛቸዋለች። ጓድ ፈለቀ ሽሮ ሜዳ ዘመድ አለኝ ብሎ አዲስ አበባ ቀርቶ ነበርና አውቶቡሱ ውስጥ የቀረነው እኛው ነን። ሞጆ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ሴቶቹ ወርደው ከአንድ ግራር ሥር ስንቃቸውን ፈቱ። እትዬ ዘነበች በባዶ እግሯ ወርዳ አዴ ጫልቱ ፊት ቆመች።

«ለምን እንዲያ አልሽው?» አለች።

«ምን አልኩት?»

«ዘነበች ናት ያዘዘችን ያልሽው።»

«ታዲያ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታዢን?» አሉ አዴ ጫልቱ ዳቦ እየቆረሱ። «አወለቅሽ፣ አወለቅን። መች ሌላ ነገር እናውቃለን?» ሴቶቹ ፈገግ አሉ። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ «ያ» እያሉ እየጠሯት፣ «ደግሞ የመስታወቱ ሰውዬ ጊዮርጊስ አይመስለኝም፣ ያ ዘነበች። ፈረስ የለውም። እንደ ልጆቻችን እግረኛ ነው» አሉ።

እትዬ ዘነበችም ልትስቅ ምንም አልቀራት። አዴ ጫልቱ ግን ዳቦውን አስቀመጡት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ‹የኔን ብቻ› አልሽ። ሁለት ጊዜ አልሽ፤ ሰምቻለሁ። ቶሎሳን ከበረቱ እጁን ይዘሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሹራቡን አስያዝኩት እንጂ አልተሳደብኩም። ታዲያ አንድ ጊዜ ‹ቶሎሳንም› ብትዪ ምን ነበረበት? እሱም እኮ ኢልማ ኮ ነው፣ ልጄ ነው። የእነዚህም ልጆች ናቸው።»

እትዬ ዘነበች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ትከሻዋ ወረደ፣ ወገቧ ጎበጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ብሎ አላየሁትም። እስከ ናዝሬት ድረስ ጫማዎቿን እንዳቀፈች መስኮቱን ስታይ ሄደች። ጫማዎቹን ዳግመኛ አላየናቸውም። በማግስቱ የላስቲክ ኮንጎ አድርጋ ወጣች።

ሕመም አለብኝ ብላ ከሊቀመንበርነቱ ወረደች። ከዚያም ዱሮ ባንኳኳቻቸው በሮች ሁሉ ዳግመኛ መዞር ጀመረች። አሁን የምትጠይቀው የልጆቹን የክርስትና ስም ነው። ጸሎት ላይ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነውና። ኮንጎ ድምፅ ስለሌለው በር ላይ እስክትቆም አትታወቅም። አንዷ ፊቷ ላይ በሩን ወረወረችባት። አንዷ እጣቢ እግሯ ሥር ደፋች። «ስሙን ደግሞ የት ልትልኪው ነው?» ያለቻትም አለች። እትዬ ዘነበች ቆማ ትጠብቃለች፤ ካልተነገራት በሌላ ቀን ትመለሳለች። ቀስ በቀስ ነገሯት።

እኔ አዘንኩላትና «ልጻፍልሽ፣ እንዳትረሺው» አልኳት።

«አይሆንም» አለች። «ተጽፈው ነው የሄዱት።»

በቃሏ ያዘቻቸው። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የቶሎሳን ስም መጀመሪያ ታደርጋለች፤ የመስፍንን መጨረሻ። አንዳንድ ቀን የመስፍን ላይ ሳትደርስ የትምህርት ቤት ደወል ይደወልብኝና ጥያት እሄዳለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መስፍን መጣ። እግሩ ላይ ቆስሎ፣ በምርኩዝ፣ ከሆስፒታል ተሰናብቶ ነው። ሌላ እናት ብትሆን እልልታዋ ባቡር ጣቢያ ድረስ በተሰማ። እትዬ ዘነበች ግን በሩን ዘጋች። መስኮቱን በጨርቅ ሸፈነች። ልጇ ጓሮ እንኳ እንዳይወጣ ከለከለችው። በግድግዳው በኩል «ቀስ ብለህ ሳል» ስትለው ሰማሁ። ዱሮ ሌሎች ልጆቻቸውን ከእሷ ይደብቁ ነበር፤ አሁን እሷ የተመለሰላትን ልጅ ካልተመለሰላቸው እናቶች ደበቀች። ስገባ እጄን ያዘችኝ። «በምን ዓይኔ ጫልቱን አያታለሁ?» አለችኝ። «ደስ ባለኝ ቁጥር የሰረቅሁ ይመስለኛል።»

ናዝሬት ወሬ አይደበቅባትም። አዴ ጫልቱ የብርቱካን ቅርጫታቸውን ተሸክመው መጡ። «ያ ዘነበች፣ ክፈቺ። መታፈን ለቁስለኛ አይሆንም» አሉ። በሩ ሲከፈት ቅርጫቱን አወረዱና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቁ ጀመር።

«ጫልቱ፣ እባክሽ አታውልቂ። እኔ ቤት አታውልቂ» አለች እትዬ ዘነበች።

«ወለሉ ንጹሕ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ።

ወለሉ አፈር ነበር። በባዶ እግራቸው ገብተው መስፍንን አገላብጠው ሳሙት፤ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ እጁን ዳሰሱት። ከዚያ ስለ ቶሎሳ ጠየቁት። መስፍን አንገቱን ደፋ፤ ከተለያዩ ቆይተዋል፣ አያውቅም። አዴ ጫልቱ ከቅርጫታቸው ብርቱካን አንሥተው ልጠው አጎረሱት። እትዬ ዘነበች ጥግ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ነበር። ቶሎሳ አልተመለሰም። እሷም የቶሎሳን ስም መጀመሪያ መጥራቷን አልተወችም።

ቀብሩ ላይ ሰው አነሰ። ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው አንዳንዶቹ አልመጡም፤ ማንም አልፈረደባቸውም። መስፍን ምርኩዙን ተደግፎ ከሬሳው ራስጌ ቆሟል። የነፍስ አባቷ ከእሷ ቀድመው ሞተዋል፤ ፍትሐት የሚያደርሱት ቄስ ለደብሩ አዲስ ናቸው። መጽሐፉን ገልጠው ቀና አሉና «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መስፍን እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ያህል ዓመት ግድግዳ ተጋርቼ፣ የሰፈሩን ስም ሁሉ ስትለቅም እያየሁ፣ የእሷን ጠይቄያት አላውቅም። መስፍንም አያውቅም፤ በእሱ ልጅነት በቤታቸው እንዲህ ያለ ስም አይነሣም ነበር። ቄሱ ጠበቁ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል።

ከኋላ ሁለት ልጃገረዶች ደግፈዋቸው አንዲት አሮጊት ወደ ፊት መጡ። ዓይናቸው ፈዟል፤ እጃቸውን ዘርግተው የሬሳ ሳጥኑን እስኪነኩ ድረስ ሄዱ። አዴ ጫልቱ ናቸው።

«ወለተ ኪዳን» አሉ። «ወለተ ኪዳን ናት፣ አባ። እሷ የቶሎሳን ስትጠይቀኝ እኔም የእሷን ጠየቅኋት። በየጠዋቱ እጠራታለሁ።»